የኮን ያዘመመ ቁመት ምንድን ነው?

ኮን፣ ማለትም መሠረቱ ክብ ሆኖ ወደ አንድ ጫፍ የሚሾል ቅርጽ፣ ሁለት ዓይነት ቁመት አለው። አንደኛው ከጫፉ ቀጥ ብሎ እስከ መሠረቱ መሃል የሚወርደው ነው። ሁለተኛው ጎን ጎኑን ይዞ ከጫፉ እስከ ክቡ ጠርዝ የሚደርሰው ሲሆን ያዘመመ ቁመት የምንለው እሱን ነው። የኮን የገጽታ ስፋት ሲሰላ ስህተት የሚገባው በብዛት ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

ክብ የሣር ጎጆን አስቡ። የጣሪያው ቁመት ምሰሶው ከክፈፉ ደረጃ በላይ ያለው ክፍል ብቻ ነው፤ ከወለል ጀምሮ ያለው አይቆጠርም። ያዘመመው ቁመት ደግሞ የወራጁ ርዝመት ነው፣ ከጉልላቱ ሥር እስከ ክፈፉ ጫፍ። ራዲየሱም (ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት) የሚለካው እስከ ክፈፉ እንጂ እስከ ግድግዳው አይደለም፤ ሣሩ ከግድግዳው አልፎ ይወርዳላ።

ራዲየሱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆን፣ ምሰሶው፣ ራዲየሱና ወራጁ ቀጤ ማዕዘን ያለው ሦስት ጎን ይሠራሉ። በፓይታጎረስ ቴዎረም (የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ካሬ ድምር ከረጅሙ ጎን ካሬ ጋር እኩል ነው) የ4 ካሬ 16 እና የ3 ካሬ 9 ሲደመሩ 25፣ የ25 ካሬ ሥር 5። ስለዚህ ወራጁ 5 ሜትር ነው። የጎኑ ስፋት ፓይ (3.14 ገደማ) ሲባዛ በራዲየስ ሲባዛ በያዘመመ ቁመት ነውና 62.8 ካሬ ሜትር ይመጣል። በ5 ፈንታ 3ን ያስገባ ሰው 37.7 ያገኛል፤ 25 ካሬ ሜትር ጣሪያ ሣር አጣ ማለት ነው።

ቀመሩ ከየት መጣ? በዚሁ ልክ የተሠራ የወረቀት ኮን ከጫፉ እስከ ጠርዙ ቆርጣችሁ ብትዘረጉት፣ ራዲየሱ 5 ሜትር የሆነ ክብ ላይ 72 ዲግሪ ተቆርጦ የወጣለት ቅርጽ ይሆናል። የቀረው 288 ዲግሪ፣ ማለትም የክቡ 80 ከመቶ ነው። ሙሉው ክብ 78.5 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ 80 ከመቶው ያው 62.8 ነው። አርኪሜዲስም ይህን ስፋት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት አረጋግጦታል።

ለግንበኛ ግን ከዚህ የሚቀል መንገድ አለ፣ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። መሃል ላይ ምሰሶ የቆመበትን ቤት ራዲየስ በሜትር መለካት አስቸጋሪ ነው፤ የክፈፉን ዙሪያ መለካት ግን ቀላል ነው። ዙሪያውን በወራጁ ርዝመት አባዙና ለሁለት አካፍሉ። 25.13 ሲባዛ በ5 ሲካፈል ለ2፣ እንደገና 62.8። ፓይንም ማስታወስ አያስፈልግም።

ታች የተዘጋ ኮን ከሆነ የመሠረቱ ክብ ይጨመራል፤ በኛ ምሳሌ 50.3 ካሬ ሜትር። ጣሪያ ግን ከታች ክፍት ነው፣ አይጨመርም። ደግሞም ይህ ሁሉ የሚሠራው ጫፉ በመሠረቱ መሃል ትክክል ላይ ሲሆን ነው። ምሰሶው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ወራጆቹ እኩል አይሆኑም፣ ቀመሩም አይሠራም።

ጣሪያውን 1 ሜትር ከፍ ብናደርገው ቁመቱ 4፣ ወራጁ 5.66፣ ስፋቱም 71 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቁመቱ በአንድ ሦስተኛ ሲያድግ ስፋቱ ያደገው በ13 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ውሃው ቶሎ እንዲወርድ ጣሪያን ሾል ማድረግ በሣር ወጪ ያን ያህል አያስፈራም።