ተደራሽነት ምንድን ነው? ዕጣው ደርሷል፣ ቤቱስ ይደረሳል?

«በኮንዶሚኒየም ዕጣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተይዞላቸዋል፣ ምድር ቤትም ይሰጣቸዋል። ከዚህ በላይ ምን ተደራሽነት ይፈለጋል?» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ የጻፈው ነው። ተመሳሳዩን ከባለሙያዎች አፍ ሳይቀር ደጋግሜ ስለሰማሁ ዛሬ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ስህተቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። መሥሪያ ቤት «ቤትን ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ተደራሽ ማድረግ» ሲል ማዳረስ ማለቱ ነው። በአዲስ አበባ 14ኛው ዙር የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለሴቶች 30፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ መያዙ ማዳረስ ነው፣ መልካም ሥራም ነው። እኛ ሕንፃ የምንነድፍ ሰዎች ተደራሽነት ስንል ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህ ሰው ማንም ሳይሸከመው ከታክሲ ወርዶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ መታጠቢያ ቤት ተጠቅሞ፣ ተመልሶ መውጣት ይችላል ወይ? ዕጣ ወደ ሰው ይመጣል፤ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰውየው ነው።

የውሃ መስመር አስቡ። ከዋናው መስመር እስከ ቧንቧችሁ ድረስ 100 ሜትር ጥሩ ቱቦ ተዘርግቶ አንድ መገጣጠሚያ ቢደፈን ውሃ አይመጣም። «99 ሜትሩ ደህና ነው» ብሎ የሚጽናና የለም። የዊልቸር መንገድም እንደዚያ ነው፤ የግቢው በር፣ የብሎኩ መግቢያ፣ የቤቱ ደፍ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር በአንድ መስመር ላይ ያሉ መገጣጠሚያዎች ናቸው። ዘንበሉ ደግሞ እንደ ግፊቱ ነው፤ ልኩን ካለፈ መስመሩ ቢኖርም አያገለግልም።

ዘንበል ካነሳሁ አይቀር፣ «ራምፕ (በደረጃ ፋንታ የሚሠራ ዘንበል ያለ መውጫ) ተሠርቷል» የሚለውም ያናድደኛል። የተለመደው ልክ 1 ለ12 ነው፤ ለ1 ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት ማለት ነው፣ ያውም ከዚህ የባሰ መቆም የለበትም። ብሎኩ መግቢያ ላይ 15 ሳንቲ የሆኑ ሦስት ደረጃዎች ካሉ ከፍታው 45 ሳንቲ ነው፤ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ይፈልጋል፣ ከላይና ከታች ደግሞ መቆሚያ ሜዳ አለ። ሜትር ተኩል ላይ የሚፈሰው ኮንክሪት ለጋዝ ሲሊንደር ይሆን ይሆናል፣ ለሰው ግን አይሆንም። ዝናብ ሲመታው የሚያሟልጥ ሴራሚክ ከለበሰማ አደጋ ነው።

ወደ ምድር ቤቱ ልመለስ። ምድር ቤት ከአራት ፎቅ መውጣት ያድናል፣ ሌላውን አይፈታም። ደግሞም አካል ጉዳተኛ ሁሉ ዊልቸር ላይ አይደለም። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የደረጃው ከፍታ እኩል ከሆነና መደገፊያው ካልተቋረጠ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል፤ እሱን የሚጎዳው ግቢው ውስጥ ክዳኑ የተነሳ ማንሆል ነው። መስማት ለተሳነው በር ሲንኳኳ የሚበራ መብራት ያስፈልገዋል። የምድር ቤቱ ሴትዮም ቢሆኑ ሁለተኛ ፎቅ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ቡና ይጠራሉ።

አሜሪካ የሚኖር ሌላ ወንድማችን «እዚህም 5 በመቶ ነው» ብሎ መለሰ። ቁጥሩ ይመሳሰላል፤ የሚቆጠረው ግን ሌላ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ (Rehabilitation Act) ክፍል 504 መሠረት በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ አዲስ አፓርታማ ውስጥ 5 በመቶው ቤት ራሱ መንቀሳቀስ ለሚቸገር ሰው፣ ተጨማሪ 2 በመቶው ደግሞ ለመስማት ወይም ለማየት ለተሳነው እንዲመች ሆኖ መሠራት አለበት። የእኛ 5 በመቶ ሰዎችን ይቆጥራል፣ የእነሱ በሮችን።

እኛም ሕግ አለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 መግቢያው በዊልቸር ለሚሄድም፣ እየተራመደ ደረጃ ለሚያዳግተውም እንዲመች አዝዞ ነበር። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ነበር፤ የመኖሪያ ብሎክ ይገባበት ነበር ወይስ አይገባበትም የሚለውን ለሕግ ሰዎች እተዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ምድር ቤት የደረሳት አንዲት እህት ቤት ለካሁ። ዊልቸሯ 65 ሳንቲ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር 62። ዊልቸሩን ኮሪደር ላይ ትታ፣ ወደ ፕላስቲክ በርጩማ ተሻግራ፣ በርጩማውን በእጇ እየገፋች ነበር የምትገባው። በር ሲታዘዝ «70» የሚባለው ከነመቃኑ ስለሆነ ማለፊያው ሁልጊዜ ያንሳል፤ ማለፊያው ራሱ ቢያንስ 80 ሊሆን ይገባ ነበር። ቤቱን ስትረከብ ወለሉ ገና ስላልተነጠፈ ሴራሚኩ ከነሥሩ 4 ሳንቲ ጨምሮ ደፍ ፈጥሯል። ፕላኑ ላይ ቢሆን መስመር ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር።

ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ ተገኘ። (ኮለን፣ ማለትም ሕንፃውን የተሸከመ ምሰሶ፣ ቢሆን አይነካም፤ እባካችሁ ሳታስለኩ አትስበሩ።) ቱቦው በግራ ስለሚያልፍ በቀኝ በኩል ሰፋ፣ አሁን ማለፊያው 82 ነው። የብሎኩ መግቢያ ላይ ያሉት ሦስት ደረጃዎች ግን የሁሉም ነዋሪ የጋራ ንብረት ናቸው፣ ብቻዋን ልታነሳቸው አትችልም። ለነዋሪዎች ማኅበሩ ማመልከቻ አስገብታለች፤ እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ሁለት የጎረቤት ልጆች ያወርዷታል።