የማኅበረሰብ የእንስሳት መጠለያ ምንድን ነው?

የእንስሳት መጠለያ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት የተጣሉ ውሾች የታጎሩበትና ጩኸት የማያባራበት ግቢ ነው። ግቢው በእርግጥ የሥራው አካል ነው። ሆኖም የማኅበረሰብ መጠለያ ዋና ተግባር እንስሳውን ከባለቤቱ ተረክቦ ማኖር ሳይሆን፣ እንስሳው መጀመሪያውኑ ከቤቱ እንዳይወጣ ባለቤቱን ማገዝ ነው። «የማኅበረሰብ» የተባለውም እንደ እድር የአካባቢው ሰው በገንዘቡ፣ በጉልበቱና በሙያው ስለሚያቆመው፣ ሲቸግረውም ያለ እፍረት በሩን ስለሚያንኳኳ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ደብረ ብርሃን ውስጥ ከኖሩበት ሰፊ ግቢ ወደ ኪራይ ቤት ሊዛወሩ ነው፤ አከራዩ ውሻ አልፈልግም ብለዋል። የተለመደው መፍትሔ ውሻውን በሌሊት ወስዶ ቄራ አካባቢ መልቀቅ ነው። እኚህ እናት ግን ወደ መጠለያ ቢሄዱ፣ ሠራተኛው መዝገብ ከመክፈቱ በፊት «እትዬ፣ ምን ቸግሮዎት ነው የሚሰጡት?» ብሎ ሊጠይቃቸው ይገባል። ችግሩ የአከራዩ ፍርሃት ከሆነ የክትባት ካርድ አሳይቶ አከራዩን ማነጋገር ይቻላል፤ የሌሊት ጩኸት ከሆነ የውሻውን ማደሪያ ከመንገድ ዳር ወደ ጓሮ ማዞር ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቀለቡ ከሆነም መጠለያው የተወሰነ ድጋፍ ያደርጋል። በነገራችን ላይ በእኛ አገር የቀለብ ችግር የራሱ ወቅት አለው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና ከማዕድ የሚተርፈው ሽሮ ብቻ ሲሆን፣ ጾሙ ለውሻውም ይተርፈዋል።

ከእነዚህ አገልግሎቶች ሁሉ ለእኔ ትልቁ አደራ መቀበል ነው። ለሕክምና 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ሳምንታት መክረም ያለበት ብቸኛ ሰው፣ ውሻውን የሚሰጠው ዘመድ ስላጣ ሕክምናውን ሊያዘገይ ይችላል። መጠለያው ውሻውን የሚቀበለው በጽሑፍ ውል ሲሆን፣ በውሉ ላይ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ምን እንደሚበላና ባለቤቱ ቢዘገይ ማን እንደሚጠራ ይሰፍራል። እዚህ ላይ እንስሳው አደራ እንጂ ስጦታ አለመሆኑ ከመጀመሪያው ግልጽ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ሥራ መራባትን መግታት ነው። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ቡችላ መውለዷ የተለመደ ነው። ወንዶቹ ለጎረቤት ይታደላሉ፤ «ሴት ናት» የተባሉት ግን ዓይናቸው ሳይገለጥ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው «በሬሳ» በተባለው የደብረ ብርሃን ወንዝ ዳር ይጣላሉ። ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሰውነቱን ሙቀት ራሱ መጠበቅ ስለማይችል፣ በታኅሣሥ ውርጭ አንድ ሌሊት እንኳ አያድርም። ሙክት ለሚያደልብ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ወንድን ማኮላሸት አዲስ ነገር አይደለም። ሴቷን ማምከን ግን በማደንዘዣ ተኝታ ማህፀኗና እንቁልጢዋ (እንቁላል የሚያፈራው አካሏ) የሚወጣበት ቀዶ ሕክምና ስለሆነ፣ የእንስሳት ሐኪምና ስፌቱ እስኪደርቅ ማረፊያ ያስፈልገዋል። ባለቤት የሌላት ውሻ ስትሆን ዳግመኛ ተይዛ እንዳትቀደድ ጆሮዋ ላይ ትንሽ ምልክት ይደረግባታል።

ሦስተኛው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከል ነው፤ መጠለያው እንስሳ ለማይወደው ጎረቤት ጭምር የሚጠቅመው በዚህ ነው። ሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሕመም 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ሲሆን፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶዎቹ ከተከተቡ ግን የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የመጀመሪያው ክትባት ብዙውን ጊዜ በሦስት ወር ዕድሜ ይሰጣል፤ ከዓመት በኋላም ይደገማል። ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ ውሾችን መግደል ይህን አይተካም፤ የተከተበውን የሰው ውሻ አብሮ ይፈጃል፣ በድኑን የበላውን አሞራም ይገድላል፣ የተለቀቀውንም ቦታ ያልተከተበ መጤ ውሻ ወዲያው ይይዘዋል።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ጠበል የሚፈልግ ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን በዚያው ቀን ይጀምር። የነከሰው ውሻ በመጠለያው የተለየ ክፍል ተዘግቶበት ለ10 ቀናት ክትትል ይደረግበታል፤ በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። በደቦ ወዲያው የተገደለ ውሻ ብዙ ጊዜ ይህን መልስ ይዞት ይሞታል።

የጠፉትን ለባለቤት መመለስና ለተጣሉት አዲስ ቤት መፈለግም አለ። አዲስ ቤት ሲፈለግ ተቀባዩ ሰው አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ቡችላውን ለሌት ዘብ ብቻ ፈልጎ ቀን ከሌት በአጭር ሰንሰለት ሊያስረው ያሰበ ሰው ባዶ እጁን ቢመለስ ይሻላል።

መጠለያው ከተማ ተቀምጦ የሚመጣለትን ብቻ ካስተናገደ ግን የመንዝ እረኞች ውሾች ይቀሩበታል። እነዚህ ውሾች ከበጎች ጋር ጓሳ በተባለው የመንዝ ደጋ አካባቢ የሚውሉ በመሆናቸው፣ በአገራችን በአጠቃላይ አካለ መጠን የደረሱት ከ500 የማይበልጡትን ቀይ ቀበሮዎች ያገኟቸዋል፤ በባሌ ተራሮች ከውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። ስለዚህ ከታቢው ራሱ በበረዶ ሣጥን ክትባቱን ይዞ ወደ ደጋው ይወጣል። ብርዱ ማቀዝቀዣ ይሆነኛል ብሎ ሣጥኑን ቢተው ግን ይሳሳታል፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት፣ ከነጋ በኋላ በውርጭ ረግቶ የተገኘው ብልቃጥ ይጣላል እንጂ ለውሻ አይወጋም።