ኢትዮጵያ በኮቪድ-19 የመጀመሪያ ወራት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ታማሚው ከቡርኪናፋሶ ወደ አዲስ አበባ የገባ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ዝግጅቱ ግን ቀደም ብሎ በጥር ወር ተጀምሯል፤ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች የሰውነት ሙቀት ይለካ ነበር፣ መጀመሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ የነበረው ናሙናም ብዙም ሳይቆይ በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቤተ ሙከራ መመርመር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ውሳኔዎቹ ተከታትለው ወጡ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ ለ14 ቀናት በሆቴል ተለይቶ እንዲቆይ ተደነገገ። መጋቢት 30 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ።

ይሁን እንጂ ሕዝቡን ሙሉ በሙሉ ከቤት እንዳይወጣ የሚያደርግ እርምጃ አልተወሰደም። የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራው ለሚያገኝ፣ መጸዳጃና የውኃ ቧንቧ ከጎረቤት ጋር ለሚጋራ ቤተሰብ ቤት ውስጥ መቆየት ራሱን የቻለ አደጋ ስለሆነ፣ ይህ ውሳኔ በእጅጉ ተገቢ ነበር። በምትኩ ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ ተደረገ፤ በየታክሲ ተራውና በየባንኩ ደጃፍ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ተቀመጠ፤ ስልክ የደወለ ሰው ከጥሪው ድምፅ በፊት እጁን እንዲታጠብና ርቀቱን እንዲጠብቅ የሚያሳስብ መልእክት ይሰማ ነበር። በወቅቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ በሚያወጡት መግለጫ የእያንዳንዱ ታማሚ ዕድሜ፣ የጉዞ ታሪክና በቫይረሱ ከተያዘ ሰው ጋር የነበረው ንክኪ ይዘረዘር ነበር፤ ይህ ግልጽነት ሊመሰገን ይገባዋል።

የምላሹ ዋና ጉልበት ግን አዲስ የተቋቋመ አካል አልነበረም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እናቶችንና ሕፃናትን ሲከታተሉበት በኖሩት መንገድ፣ ቤት ለቤት እየሄዱ ትኩሳትና ሳል ያለበት ሰው መኖሩን ይጠይቁ ነበር። ቤተሰቡን በስም የሚያውቁ በመሆናቸው በር ይከፈትላቸዋል፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ባለሙያ ይህን አመኔታ በጥቂት ሳምንታት ሊያገኝ አይችልም።

ከባዱ ፈተና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በተለይም ከሳዑዲ አረቢያ፣ በብዛት እየተባረሩ የመጡትን ዜጎች መቀበል ነበር። ሆቴል ለመክፈል አቅም የሌላቸው እነዚህ ተመላሾች ተማሪዎቻቸው በተሰናበቱ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተለይተው ቆዩ፤ ምግባቸው፣ አልጋቸውና ምርመራቸውም በመንግሥትና በረድኤት ድርጅቶች ተሸፈነ።