«ፖሊስ ነኝ» ብሎ ስልክ መውሰድ፦ ማታለል ወይስ ውንብድና?

አስቡት፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። አንድ ልጅ ከታክሲ ወርዶ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ያቀናል። ሲቪል የለበሰ ሰውዬ መታወቂያ ብልጭ አድርጎ ኪሱ ይከታል። «ፖሊስ ነኝ፤ ስልክህን አምጣ፣ ይፈተሻል።» ልጁ ይሰጣል። ሰውዬው ይሰወራል።

የወንጀሉ ስም የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ውሸቱን አምኖ በገዛ እጁ ከሰጠ፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አታላይነት ነው። ማንነትን በሐሰት መግለጽ እዚያው ውስጥ አለ፤ ዩኒፎርም መልበስ ግዴታ አይደለም። ቅጣቱ ቀላል እስራት፣ ከበድ ሲል እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው። ሰውዬው ስልኩን ለመውሰድ እጁን ከጠመዘዘው ወይም በብርቱ ከዛተበት ግን ውንብድና ይሆናል። አንቀጽ 670፣ ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት!

ስለዚህ ጣቢያ ቃል ስትሰጡ «ወሰደብኝ» ብላችሁ አትለፉት፣ እባካችሁ። እንዴት ወሰደ? ዛቻው፣ ግፍተራው፣ የተናገረው ሁሉ ይጻፍ።

እውነተኛ ፖሊስም ሰው ሲይዝ ምክንያቱን ወዲያው፣ በሚገባው ቋንቋ መንገር አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ተጽፏል። «መታወቂያውን በደንብ ልየው፣ ጣቢያ እንሂድ» ማለት ነውር የለውም።