«የፊት መልሶ ግንባታ» ምንድን ነው? የኢየሱስ «እውነተኛ ፊት» የሚባለውስ የማን ፊት ነው?

ሰፊ ፊት፣ ወፍራም አፍንጫ፣ አጭር ጥቁር ጥቅልል ጠጕር፣ ጠይም ቆዳ። ይህ ምስል በየገናውና በየፋሲካው «ሳይንቲስቶች የኢየሱስን እውነተኛ ፊት መልሰው ገነቡት» ከሚል ርእስ ጋር ይዞራል።

መልሶ መገንባት የሚባለው የፈረሰ ነገር ከራሱ ቅሪት ተነሥቶ ሲቆም ነው። የፊት መልሶ ግንባታም ከሰው ራስ ቅል ተነሥቶ የዚያኑ ሰው ፊት የመሥራት ሙያ ነው። የኢየሱስ ራስ ቅል በማንም እጅ የለም። ምእመናን ተነሥቶ ዐረገ ብለው ያምናሉ፤ የማያምነውም አውጥቶ የሚያሳየው አጽም የለውም። ራስ ቅል ከሌለ ደግሞ ሥራው አይጀመርም። ታዲያ ያ ፊት የማን ነው?

የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ሙያውን በቀላሉ ይረዳዋል። ክዳኑ ተነሥቶ፣ ምርጊቱ ረግፎ፣ ቋሚና ማገሩ ብቻ የቀረ ቤት አስቡ። ከእንጨቱ የቤቱን ስፋት፣ የበሩን ቦታ፣ የግድግዳውን መዝመም ታውቃላችሁ። ምርጊቱ ስንት ጣት ውፍረት እንደነበረው ግን እንጨቱ አይናገርም፤ ለዚያ የሰፈሩን ልማድ መጠየቅ ግድ ነው። ቀለሙንማ ከእንጨት የሚያነብ የለም።

ራስ ቅልም እንዲሁ ነው። ሥራው የሚሠራው በዋናው አጥንት ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ ነው። የጆሮው ቀዳዳ የላይኛው ጠርዝና የዓይን ጕድጓዱ የታችኛው ጠርዝ በአንድ አግድም መስመር እንዲውሉ ተደርጎ ይቆማል። መንጋጋው ሲገጠም በላይና በታች ጥርሶች መካከል ትንሽ ክፍተት ይተዋል፤ አለዚያ ፊቱ ያጥራል። ከዚያ ከ20 እስከ 30 በሚደርሱ ነጥቦች ላይ ትንንሽ ችንካሮች ይተከላሉ። የእያንዳንዱ ርዝመት በዚያ ቦታ ያለው የሥጋና የቆዳ አማካይ ውፍረት ነው፦ ግንባር ላይ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር፣ ጉንጭ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ። ወደ 25 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ የዓይን ኳስ ይገባል። የማኘኪያ ጡንቻዎች አጥንቱ ላይ ተጣብቀው የነበሩበትን ሻካራ ምልክት ተከትለው አንድ በአንድ በሸክላ ጭቃ ይሠራሉ፤ በላያቸው ቆዳው ይለብሳል።

የችንካሮቹ ልክ የሚወሰደው ከሰንጠረዥ ነው፤ የሰፈሩ ልማድ ያልነው ይህ ነው። የቀድሞዎቹ ሰንጠረዦች የተለኩት ከሬሳ ነበር። ሬሳ ይደርቃል፣ በጀርባው ሲተኛም ጉንጩ ወደ ጆሮው ይንሸራተታል። ኋላ ቀና ብለው የተቀመጡ ሕያዋንን በአልትራሳውንድ መለካት ተጀመረ። ይህም ቢሆን በዕድሜ፣ በጾታ፣ በውፍረትና በትውልድ ስለሚለያይ የተሳሳተ ሰንጠረዥ የመረጠ ሰው የተሳሳተ ሰው ይሠራል። አፍንጫ ላይ አጥንቱ የሚሰጠው ፍንጭ አለ፤ የቀዳዳው ስፋት ከጠቅላላው የአፍንጫ ስፋት ሦስት አምስተኛ ያህል ተደርጎ ይታሰባል። የከንፈር ቅርጽና የጆሮ ቅጠል ግን ባብዛኛው ግምት ናቸው። የዓይን፣ የቆዳና የጠጕር ቀለም ከአጥንቱ ቅርጽ ፈጽሞ አይገኝም።

ሙያውን ማጣጣል አይገባም። በሕይወት ያሉ ሰዎች ራስ ቅል በሲቲ ስካን ተወስዶ፣ ሠሪው ፊታቸውን ሳያይ ሲሠራ፣ ከፊቱ ገጽ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከ2 ሚሊ ሜትር ባነሰ ልዩነት ገጥሟል። ፖሊስ የሚጠቀምበት ግን ማንነት ለማረጋገጥ አይደለም። ምስሉን አይቶ «ይህስ ወንድሜን ይመስላል» የሚል ዘመድ እንዲመጣ ነው፤ ማረጋገጫው ከዚያ በኋላ በጥርስ መዝገብ ወይም በዘረመል ይሠራል።

የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሌስተር ከተማ ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ሥር አጽሙ ወጣ፤ በእናት በኩል የሚወረሰው ዘረመል ከሕያዋን ዘመዶቹ ጋር ተመሳክሮ ማንነቱ ታወቀ። ፊቱ ከራሱ ራስ ቅል ላይ በ2013 ተሠራ፣ ጠጕሩና ዓይኑም ጠቆር ተደረገ። በ2014 የዘረመል ውጤቱ ሲወጣ ሰማያዊ ዓይንና፣ ቢያንስ በልጅነቱ፣ ወርቃማ ጠጕር አመለከተ። የራሱ ቋሚና ማገር ላለው ቤት እንኳ ቀለሙ ስቷል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ምስል። የሠራው ከማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጡረታ የወጣው የሕክምና ሠዓሊ ሪቻርድ ኒቭ ነው፤ በ2001 ቢቢሲ ላቀረበው ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም። መነሻው እስራኤል ውስጥ ከነበሩ ሦስት የ1ኛው ክፍለ ዘመን አይሁዳውያን ራስ ቅሎች አንዱ ነበር። ስለዚህ ፊቱ የዚያ ራስ ቅል ባለቤት ፊት ነው። ከሦስቱ ሌላው ተመርጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሚዞረው ሌላ ፊት ነበር።

«ይሁንና የዘመኑ አይሁዳዊ አማካይ ፊት ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ይህ ስሕተት ከመጀመሪያው የባሰ አስቸጋሪ ነው፤ የተማረ ንግግር ይመስላልና። አማካይ ለማውጣት ብዙ ራስ ቅሎች ይለካሉ፣ ልዩነታቸው ምን ያህል እንደሚሰፋም ይታያል። ከአንድ ቁጥር አማካይ አይወጣም። ከመንደሩ አንዱን ፍርስራሽ መርጣችሁ ብትመርጉት የምታገኙት የዚያን ሰው ቤት ነው። የመንደሩ ሁሉ ቤት እንዲያ ነበር አያሰኝም፤ ማዶ ያለውን የጎረቤቱን ቤት ሠራሁ ማለት ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም።

ቀለሙ የተቀባው ከሌላ ከተማ ነው። በዛሬዋ ሶርያ፣ በኤፍራጥስ ዳር፣ በዱራ ኤውሮፖስ ምኵራብ ግድግዳ ላይ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉ አይሁዳውያን ናቸው የቆዳውና የጠጕሩ አብነት። ከኢየሱስ ዘመን በሁለት መቶ ዓመት ይርቃሉ። ለአጭሩ ጠጕር ደግሞ ወንድ ጠጕሩን ቢያስረዝም ነውር ነው የሚለው የ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥14 ቃል ይጠቀሳል። ለገሊላ ሰው የሰሜን አውሮፓ መልክ ከመስጠት ይህ ግምት እጅግ የተሻለ ነው። ግን ከጽሑፍና ከሥዕል የተወሰደ ግምት ነው፣ ራስ ቅሉ ያወጣው አይደለም።

ከምስሉ ጋር «ቁመቱ 1 ሜትር ከ53» የሚል ቁጥርም ይያያዛል። ከራስ ቅል ቁመት አይለካም። ቁመት የሚሰላው ከጭንና ከቅልጥም አጥንት ነው፤ ያውም ለአንድ ሰው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ወዲህና ወዲያ ይላል። የዚያ ዘመን የይሁዳ ወንዶች አማካይ ቁመት ተብሎ የሚጠቀሰው 166 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ሌላው ወገን ራእይ 1፥14ን ይዞ ይከራከራል፤ «ጠጕሩ እንደ በግ ጠጕር ነበር፣ ስለዚህ ከርዳዳ ነው» ይላል። ቃሉ «እንደ ነጭ የበግ ጠጕር እንደ በረዶም ነጭ» ነው የሚለው። የተመሰለው ንጣቱ ነው፣ የተነገረውም በራእይ ነው። ወንጌላቱ ስለ መልኩ ምንም አልጻፉም። የጥንት አባቶችም አንዳንዶቹ «መልክና ውበት የለውም» የሚለውን ኢሳይያስ 53ን፣ ሌሎቹ ከሰው ልጆች ይልቅ ያማረ የሚለውን መዝሙር 44ን ይዘው ተለያይተዋል፤ ሁለቱም ያመጡት የትንቢት ንባብ ነው እንጂ የዓይን ምስክር አይደለም። ይሁዳ በመሳም ማመልከቱ ከሌሎቹ የማይለይ መልክ እንደነበረው ማስረጃ ተደርጎም ይቀርባል። ፋኖስና ችቦ ይዘው እንደመጡ ግን ዮሐንስ 18፥3 ይናገራል፤ ሌሊት ነበር፣ በጨለማ መልኩ የተለየውንም ሰው የሚጠቁም ያስፈልጋል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚወጡት አዳዲስ ምስሎችማ ከዚህ ሙያ ጋር ዝምድና የላቸውም። ፕሮግራሙ ራስ ቅል አላየም፣ የሥጋ ውፍረት ሰንጠረዥ አልያዘም። የተመገበው ለዘመናት የተሣሉትን ሥዕሎች ነው፤ መልሶ የሚሰጠንም እነሱን ነው።

«እንግዲያውስ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውሸት ነው» የሚለውም ሙያውን ያልተረዳ ነው። በዚያው በዱራ ኤውሮፖስ፣ በ235 አካባቢ፣ ክርስቲያኖች ጢም የሌለው ወጣት ክርስቶስ ሣሉ፤ በግብፁ የደብረ ሲና ገዳም ባለው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ላይ ጢማም ነው። የእኛ ሠዓሊ ቅዱሱን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይኑ በጎን ሲሥል የአጥንት ልክ ሰጠኋችሁ አላለም። ያልተባለውን በራስ ቅል ማስተባበል አይቻልም።

ምስሉን መለጠፍ የሚፈልግ ሰው ከሥሩ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ በቂ ነው፦ «በኢየሱስ ዘመን በዚያ ምድር የኖረ የአንድ አይሁዳዊ ፊት፣ ከራስ ቅሉ የተገመተ፤ ጠጕሩና ቀለሙ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል የተወሰደ።»