ጺማም እንሽላሊቶች አብረው ሲኖሩ፦ ጠብ እንዴት ይታወቃል?

ጺማም እንሽላሊት፣ በሰፊው ቢርድድ ድራገን የሚባለው፣ የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ፍጥረት ነው። በቤት በብዛት የሚኖረው ዝርያ በሳይንስ መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰው ቤቱ በመስታወት ሳጥን ያኖረዋል። የቤተሰቡን አባላት እኛም አገር እናውቃቸዋለን። የድንጋይ አጥር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ፑሽ አፕ የሚሠራው የኛው ገበሎ ዘመዱ ነው፤ በሱ ፑሽ አፕ ያልሳቀ ልጅ አለ?

ወንዱ ጭንቅላቱን ቶሎ ቶሎ እየነቀነቀ ጺሙን፣ ማለትም አገጩ ሥር ያለውን እሾሃማ ቆዳ፣ ካጠቆረና ከነፋ፣ «ቦታው የኔ ነው» ማለቱ ነው። ጥቁር ጺም ብቻውን ግን ጠብ ነው አይባልም፤ ሴት ሲያይም ያጠቁራል። ሌላው አንድ እጁን አንስቶ ቀስ ብሎ በክብ ያወዛውዛል። ሰው «ሰላም እያለኝ ነው» ብሎ ቪዲዮ ይቀርጸዋል። እሱ ግን «እጄን ሰጥቻለሁ» ነው የሚለው። ቀኑን ሙሉ እጁን የሚያወዛውዝ ካለ በፍርሃት እየኖረ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን መደራረቡ ላይ ነው። ማሞቂያው መብራት ሥር አንዱ ሌላው ጀርባ ላይ ተኝቶ ሲታይ «አይ ፍቅር!» ይባላል። ፍቅር አይደለም። ከላይ ያለው ሙቀቱን ይወስዳል፣ ከታች ያለው ይጋረድበታል። እንሽላሊት ደግሞ ካልሞቀ የበላው አይፈጭለትም፤ ስለዚህ ምንም ንክሻ ሳይታይ፣ ፌንጣው እኩል እየተሰጠ፣ አንዱ ሲወፍር ሌላው ይከሳል። ሁለቱንም በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ማውጣት ከዓይን ይሻላል። ግልገሎቹ ጣትና የጭራ ጫፍ ይነካከሳሉ፤ የዚህ ዝርያ ጭራ ከተቆረጠ አይበቅልም።

ሌፐርድ ጌኮ የሚባለው ሌላው የቤት እንሽላሊት ደግሞ ሲቆጣ ጭራውን ቀስ አድርጎ እያወዛወዘ ነው የሚጠጋው። እሱ የጣለው ጭራ ይበቅላል፣ ግን ድቡልቡል ሆኖ።

ሁለት ወንድ አንድ ላይ አይቀመጥም፣ አለቀ። ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ ወንዱ ሴቷን በማሳደድ ያደክማታል። ስለ ሁለት ሴቶች አርቢዎች አይስማሙም፤ ለዓመታት በሰላም አኖርን የሚሉ አሉ፣ ይሆናል፣ እኔ ግን ባልሞክረው እመርጣለሁ።

ደም ከታየ በዚያው ቀን መለየት ነው። ሳጥኖቹ ጎን ለጎን ከሆኑ መሃላቸው ወረቀት ይለጠፍ፤ በመስታወት እየተያዩም ይፎካከራሉ። የራሱን ምስል አይቶ ጺሙን የሚያጠቁርም አይጠፋም።