የደሴ ከተማ ምክር ቤት አባል፦ የሰፈር አገልግሎትና የጸጥታ ሥራ

የደሴ ከተማ ምክር ቤት አባል በነዋሪው አፍ «ተመራጭ» ነው። ከሰፈሩ ተመርጦ ምክር ቤት ይገባል፤ ከንቲባ ይመርጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የጽሕፈት ቤቶችን ሪፖርት ሰምቶ ይጠይቃል። በሕጉ የተጻፈው ሥራው ይኸው ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ሰው የሚፈልገው ለሌላ ጉዳይ ነው፦ ቱቦ ተደፍኖ ጎርፍ ግቢ ሲገባ፣ የመንገድ መብራት ጠፍቶ ልጆች ማምሸት ሲፈሩ፣ ቆሻሻ ሳይነሳ ሲሰነብት፣ ሌሊት ጣሪያ ላይ ኮቴ ሲሰማ። ተመራጭ በእጁ ገንዘብም ዱላም የለውም። ያለው አፍና እግር ነው፤ ጉዳዩን ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ያደርሳል፣ እስኪፈጸምም ይመላለሳል። ደመወዝተኛም አይደለም፤ ከአፈ ጉባኤውና ከጥቂት የሙሉ ጊዜ ኃላፊዎች በቀር አብዛኛው አባል መምህር፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የቤት እመቤት ሆኖ የራሱን እንጀራ እየጋገረ ነው ይህን የሚሠራው።

ከተማዋና ዳገቷ

ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። በምዕራብ የጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል አቅፈዋታል፤ መካከሏን የቦርከና ወንዝ ሰንጥቆ ያልፋል። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማ አስተዳደሩ ነዋሪ 151,174 ሲሆን 120,095ቱ የከተማ፣ የቀሩት በዙሪያው ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ሰዎች ነበሩ። ቁጥሩ ዛሬ እጅግ አርጅቷል፤ ከተማዋ ወደ ጢጣና ወደ ቦሩ ሜዳ በኩል ስትለጠጥ ያየ ሁሉ ይመሰክራል።

ከተማዋን ማን ቆረቆራት የሚለው አከራካሪ ነው። አጼ ዮሐንስ አራተኛ በ1870ዎቹ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጭራ ያለው ኮከብ ታይቶ «ደስዬ» ብለው ሰየሟት የሚለው ታሪክ በሰፊው ይነገራል። ሌሎች ዮሐንስ ስም ቢሰጡም ከተማ ያደረጓት የወሎው ገዥ ንጉሥ ሚካኤል ናቸው ይላሉ። የሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ ቆሞ ያየ ሰው ወደ ኋለኞቹ ቢያደላ አይፈረድበትም።

ለዚህ ጽሑፍ ከታሪኩ ይልቅ ዳገቱ ይጠቅማል። ደሴ ሜዳ የላትም ማለት ይቻላል። ከጦሳ ግርጌ የወረደ ውሃ በየሰፈሩ አልፎ ቦርከና ይገባል፤ ስለዚህ የላይኛው ሰፈር ፍሳሽ የታችኛው ሰፈር ጎርፍ ነው። መሬቱም ይንሸራተታል። ሥነ ምድር አጥኚዎች ስለ ደሴ የመሬት መንሸራተት ደጋግመው የጻፉት ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ፣ በለሰለሰ አፈር ላይ በመቀመጧ ነው። በክረምት አጥር የሚንደው፣ ግድግዳ የሚሰነጥቀው፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚያካስሰው ይህ ነው። በደሴ የአገልግሎት ጥያቄና የጸጥታ ጥያቄ የማይነጣጠሉትም በዚሁ ሰበብ ነው፤ ያልተጠረገ ቦይ በሐምሌ ጎርፍ ይሆናል፣ ጎርፉ በነሐሴ ጠብ ይሆናል።

ከደርግ በፊት

በንጉሥ ሚካኤል ዘመን ዳኝነቱም ጥበቃውም የሚወጣው ከንጉሡ ግቢ ነበር። የጣሊያን አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ከተማዋን ደበደቡ፣ ጦሩ ሚያዝያ 7 ቀን ገባ፣ በ1933 ተባረረ። ከነጻነት በኋላ በ1937 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ንብረት ያላቸው ነዋሪዎች ወኪሎች የሚገኙበት ሸንጎ ደነገገ። ንብረት የሌለው ድምፅ አልነበረውም፤ ተከራዩ ከተሜ የሰፈሩን ጣጣ የሚጨርሰው በቅሬው፣ ማለትም በዕድሩ፣ ነበር።

የቀበሌ ዘመን

ስለ ሰፈር አስተዳደር ብዙ የተጻፈውና ብዙ የሚታወሰው ከ1967 በኋላ ያለው ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም፣ ማለትም ቀበሌን፣ መሠረተ። ወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። ቀበሌው ኪራዩን እየሰበሰበ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ጤና ጣቢያ እንዲያቋቁም፣ ርካሽ ቤት እንዲሠራ ተፈቀደለት። ሰፈር የራሱን ገንዘብ ለራሱ ጉዳይ ያዋለበት ዘመን ይህ ነው። ዛሬ ተመራጮች የሚመኙት ሥልጣን በከፊል ያኔ በቀበሌ እጅ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

በ1969 የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 አደረጃጀቱን በቀበሌ፣ በከፍተኛና በማዕከል ደረጃ ከፋፈለ። ቀበሌው የፍርድ ሸንጎና አብዮት ጥበቃ ነበረው። የፍርድ ሸንጎው የጎረቤት ጠብን፣ ስድብን፣ ትንንሽ ስርቆትን፣ የቤት ኪራይ ክርክርን ያይ ነበር፤ ዳኞቹ የሰፈር ሰዎች፣ አዳራሹ የቀበሌው። አብዮት ጥበቃው ጠመንጃ ታጥቆ ሌሊት ይዞራል። የቀበሌ ሱቅ በኩፖን ስኳር፣ ሳሙናና ጨርቅ ይሸጣል፤ መታወቂያ የሌለው ስኳር የለውም። መታወቂያ በኢትዮጵያ ከተማ ይህን ያህል ሥር የሰደደው ያኔ ነው፤ ዛሬም ወጣት ሥራ ሊፈልግ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቀበሌ ነው።

የዚህ ዘመን ሌላ ገጽታ አይረሳም። በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌ አዳራሽ እስር ቤት ሆነ፣ ሮንድ፣ ማለትም የሌሊት ጥበቃ፣ የሚዞረው የሰፈር ልጅ ሌላውን የሰፈር ልጅ ያዘ። ደሴ የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ከተማ ናት፤ ፖለቲካ የሚያውቅ ተማሪ ብዙ ነበራትና ዋጋውንም ከፍላለች። በዚህ የተነሳ «የሰፈር ጸጥታ» የሚለው ቃል በዕድሜ በገፉ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ሁለት ድምፅ አለው። ጥቂቶች አብዮት ጥበቃ ሌባን አጥፍቶ ነበር ይላሉ፤ ብዙዎች ያንን ሲሰሙ ወሬ ይለውጣሉ።

ከ1983 በኋላ

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል። ለአማራ ክልል ከተሞች ዋናው ሕግ የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 91 ነው። በእርሱ መሠረት ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ከንቲባ ይመርጣል፤ የማዘጋጃ ቤቱን ሥራ በሙያው የተመደበ ሥራ አስኪያጅ ይመራል። የከተማው ሥራ ለሁለት ተከፍሏል። ትምህርት፣ ጤና፣ ጸጥታና የመሳሰሉት መንግሥታዊ ተግባራት ከክልሉ በሚመጣ ድጎማ ይሸፈናሉ። መንገድ፣ ቦይ፣ መብራት፣ ጽዳት፣ ቄራና መካነ መቃብር ግን የማዘጋጃ ቤት አገልግሎቶች ናቸው፤ ወጪያቸውን ከተማው ከሊዝ፣ ከኪራይና ከአገልግሎት ክፍያ ራሱ ማግኘት አለበት። የሰፈር መንገድ ኮብልስቶን ይነጠፍ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ «ገቢው ሲፈቅድ» የሚባለው ለዚህ ነው።

በ2000 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እጅግ ሰፋ፤ በአንድ ቀበሌ እስከ 300 መቀመጫ ነበር። ተሳትፎ ማስፋት ነው ያሉ ነበሩ፤ አንድን ፓርቲ በየቤቱ ማስገባት ነው ያሉም ነበሩ። ውጤቱን ያየ ሰው ሁለተኛውን አስተያየት ለመጣል ይቸገራል፤ መቀመጫውን ከሞላ ጎደል ሁሉ የያዘው ገዢው ፓርቲ ነው። ቀጣዩ ምርጫ ሚያዝያ 2005 ሆነ። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ፣ እንደገናም ተራዘመ። በ2013ቱ ምርጫ ለከተማ ምክር ቤት ድምፅ የተሰጠው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነበር። ለአምስት ዓመት ሰፈሩን አደራ የተቀበለ ተመራጭ አደራው ሳይታደስለት ብዙ ክረምት ማሳለፉ ሲነሳ የሚቀልዱ አሉ፤ የሚያፍሩም አሉ።

በዚሁ ዘመን ደሴ በዓለም ባንክ ድጋፍ ከ2000 ጀምሮ በተካሄደው የከተሞች የአካባቢ ልማት ፕሮግራም ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ ከተሞች አንዷ ሆነች። ፕሮግራሙ የካፒታል ዕቅድ በነዋሪ ውይይት እንዲወጣ ያስገድድ ስለነበር ተመራጮች «የእኛ ሰፈር ይቅደም» ብለው በአደባባይ መከራከር የለመዱት በእርሱ ነው። በ2009 የተጀመረው የከተማ ምግብ ዋስትና ሴፍቲኔትም መጀመሪያ የገባው 11 ከተሞች ውስጥ ሲሆን ከአማራ ክልል የተመረጠችው ደሴ ነበረች። የድሃ ድሃ የተባሉ ቤተሰቦች ጎዳና እየጠረጉ፣ ቦይ እየከፈቱ፣ ችግኝ እየተከሉ ተከፈላቸው። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለው ምልመላ ግን ተመራጩን ከጎረቤቱ ጋር ካቆራረጡ ሥራዎች የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

አገልግሎት፦ የሐምሌ ችግር

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። ምክር ቤቱ በጀት የሚያጸድቀው ጦሳ ጉም በለበሰበት ወር ነው። ቦይ መጠረግ ያለበት ግን በግንቦት ነው። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ የሒሳብ መዝጊያ ነውና ግዥ ይቆማል። ሐምሌ ገንዘቡ ሲለቀቅ ጎርፉም አብሮ ይለቀቃል። ልምድ ያለው ተመራጭ ይህን ስለሚያውቅ የቦይ ጥያቄውን በጥር በሚቀርበው የግማሽ ዓመት ሪፖርት ላይ ያነሳል፤ አዲሱ በሰኔ ያነሳና «በሚቀጥለው በጀት» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ብዙ ሰፈር በራሱ አካፋና ዶማ ይወጣል፤ አንዱ አሸዋ፣ አንዱ ጉልበት፣ አንዷ ቡና ታዋጣለች። ተመራጩ የሚመሰገነው ከማዘጋጃ ቤቱ ቱቦ ሲያስመጣ፣ ቀሪውን ሰፈሩ ሲቀብር ነው።

ቆሻሻ የሚያነሱት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው፤ ከየቤቱ ሰብስበው ወደ ገንዳ ያደርሳሉ፣ ከገንዳው የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ያነሳል። መኪናው ሲቀር ገንዳው አጠገብ ያለው ቤት ተመራጩን ይጠራል። የቀበሌ ቤት ጥገና፣ የውሃ ፈረቃ፣ የባጃጅ ታሪፍም ከዚህ አይርቁም። ባጃጅ በደሴ ዳገት እግር ነው፤ ታሪፉ ሲጨምር ከሰኞ ገበያ ዕቃ ተሸክማ ወደ ላይ የምትወጣ እናት ናት ቀድማ የምታውቀው።

ጸጥታ፦ ቅሬ፣ ሮንድና ፖሊስ

ምክር ቤቱ ፖሊስን አያዝም። ፖሊስ መምሪያውና የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ያቀርባሉ፣ ሕግና አስተዳደርን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ይመረምራል፣ ተመራጩ ይጠይቃል። በክልሉ የተዘረጋው የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አገልግሎት ፖሊስን ለቀጠና መድቦ ከነዋሪ ጋር የሚመክርበትን መድረክ ፈጥሯል። ከጎኑ ሚሊሻ አለ፤ ሰፈሩ ገንዘብ አዋጥቶ የሚያቆመው የሌሊት ጥበቃ አለ፤ ወጣቱ በተራ የሚወጣው ሮንድ አለ። የአንድ ለአምስት አደረጃጀትም ለዚሁ ዓላማ ነው ተብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከጥበቃ ይልቅ እንደ ጆሮ ቆጠረው።

የወሎ ጥንካሬ ያለው ቅሬው ላይ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ነገር ግን ቅሬ ቀብር ብቻ አይደለም። የቅሬ ዳኛ አለው፣ መቀጮ አለው፣ ከሁሉ የከበደው ደግሞ ከቅሬ ማስወጣት አለው። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ሲሞትበት የሚቀብርለት የለም። በሸዋበር መስጊድ የሚሰግደውና መድኃኔ ዓለም የሚሳለመው በአንድ ቅሬ መቀመጣቸው፣ አንዱ ለሌላው ድንኳን መትከሉ በደሴ ወሬ አይሆንም፤ የተለመደ ነው። ድሮ ስርቆት ሲደርስ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ የአካባቢው ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይሄድም። በአገሩ ሕግ ቦታ ባይኖረውም መንፈሱ በቅሬ ስብሰባ ላይ ዛሬም አለ። ብልህ ተመራጭ ፖሊስ ዘንድ ከመሄዱ በፊት የቅሬውን ዳኛ ያያል፤ የተሰረቀው ባትሪ ወይም ሞባይል ስሙ ሳይጠራ አጥር ሥር ተጥሎ የሚገኝበት ጊዜ አለና። የዚህ ድክመትም ይታወቃል፦ በቤት ውስጥ በሴት ላይ የሚደርስ በደል ለቅሬ ሽማግሌ ሲቀርብ በእርቅ ተሸፍኖ ይቀራል፤ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ያለበት ጉዳይ በዱዓና በቡና ይዘጋል።

ጦርነቱና ከዚያ ወዲህ

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች የተፈናቀለ ሕዝብ ደሴን ሞላት። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ቤት ያለው ሳሎኑን ሰጠ። እንጀራ በየቅሬው ተጋግሮ ተላከ፤ ምዝገባውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ውሃውን ያስተባበሩት የቀበሌ ሰዎችና ተመራጮች ነበሩ። በጥቅምት 2014 ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ ኅዳር 27 በመንግሥት ተመልሳ ተያዘች። በመካከሉ የደሴ ሆስፒታልና ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ፣ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ። በእነዚያ ሳምንታት ከንቲባም ፖሊስም ባልነበረበት ሰፈሩን የጠበቁት በየበሩ የተቀመጡ ሽማግሎችና እናቶች እንደነበሩ የቆዩት ሰዎች ይናገራሉ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ ግጭት የተነሳ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የጸጥታው ሥራ በአመዛኙ ወደ ኮማንድ ፖስት ዞረ፤ የተመራጩ ድርሻም በዚያው ልክ ጠበበ። የቦዩ፣ የመብራቱና የገንዳው ጉዳይ ግን ከእርሱ ዘንድ አልተነሳም።